«እህቴ፣ አፍንጫዬ ለምን ይጠቁራል?»

ቤይሩት ዳር፣ ዳውራ የሚባል ሰፈር ውስጥ እሁድ እሁድ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ፣ የአንዷ ጓደኛችን ክፍል ናት፣ ስድስት ሰው ከገባ ሰባተኛው ደፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ኦገስት አንዲት ልጅ መጣች፣ የደሴ ልጅ፣ ከአገር ከወጣች ገና ወር ከምናምን፣ ኮንትራት ቤት ናት ግን ማዳሟ እሁድ ከሰአት ታስወጣታለች። ሁለተኛው ሲቀዳ ወደኔ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ታምሜ ይሆን እንዴ? ጠዋት ስናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነው» አለችኝ። ዝቅ ያደረገችው በከንቱ ነው፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ አሁን ገና ቤይሩት ገባሽ!» አለቻት።

እኔም ስቄ «አይዞሽ፣ ሞቴሩ ነው» አልኳትና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ሞቴሩ ማለት በየህንጻው ስርና በየመንገዱ ጥግ የሚጮኸው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፣ እዚህ የኖረ ሰው ድምፁን በእንቅልፉም ያውቀዋል።

ማታ ክፍሌ ገብቼ ግን ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ። ያልኳት ውሸት አይደለም፣ ግን ሞቴሩ እኮ ጃንዋሪም ላይ አለ፣ ጃንዋሪ ላይ ደሞ አፍንጫችን እንዲህ አይጠቁርም፣ ኤፕሪል ላይ ከሆነ የሚወጣው ቡኒ ነው። ያ ሁሉ ሞቴር ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ናፍጣ እየጠጣ ለምንድነው አየሩ በየወቅቱ የሚለያየው? ስራዬ አየሩ ጥሎት የሚሄደውን ነገር መወልወል ነው፣ እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው ብዬ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። (ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚ ስትኖሪ የኛ ካላንደር የሚያስፈልግሽ ለጾምና ለበዓል ነው።)

ጨርቁ ላይ የሚታየው

የምሰራው ጃል ኤል ዲብ ነው፣ ከቤይሩት በስተሰሜን፣ ዛልካን አልፈሽ አንቴልያስ ሳትደርሺ። አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ ባህሩ ያያል፣ በኛና በባህሩ መሀል ወደ ጁኒየህ የሚወስደው አውቶስትራድ አለ። ጠዋት የመጀመሪያ ስራዬ በረንዳው ነው፣ የብረት መደገፊያው፣ ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛው፣ የአበባው ቅጠል ሳይቀር፣ ከዛ ወለሉ። እርጥብ ጨርቅ ብረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ካሳለፍኩ ወቅቱን እዛው አየዋለሁ።

ክረምቱ (እዚህ ብርድና ዝናብ አብረው ነው የሚመጡት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች) ጨርቁ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ከባህሩ የሚመጣው ማዕበል ጨው ይዞ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሲደርቅ መስታወቱ ይደበዝዛል፣ ኮምጣጤ በውሃ ነው የሚያስለቅቀው። አሰልቺ ስራ ነው ግን እንደዛ የሚባል ነገር ካለ ንጹህ ቆሻሻ ነው። ቀናት ሲዘንብ ቆይቶ ሲያባራ የሳኒን ተራራ በረዶው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሞቴሩ እዛው ስር እየጮኸ ማለቴ ነው። ጭሱ ሳይወጣ ቀርቶ አይደለም፣ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ነፋሱ ይወስደዋል።

ማርች ሲያልቅ ኻምሲን ይጀምራል። በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ከምእራብ ወደ ምስራቅ የሚጓዝ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነው፣ የሊቢያንና የግብጽን በረሃ አየር ከፊቱ እየሳበ ይመጣል፣ ትላንት ሹራብ ለብሰን የነበርን ሰዎች ዛሬ በላብ፣ ሰማዩ ቢጫ፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ልብስ ወዲያው ይደርቃል ግን ውጭ ማስጣት አይቻልም ምክንያቱም ድጋሚ ሊታጠብ ነው። ከዛ ነፋሱ ድንገት ከባህሩ በኩል ይዞርና ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ከጣለ ደሞ የሚወርደው ጭቃ ነው፣ መኪናው ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል፣ መኪና አጣቢ ብቻ ነው ደስ የሚለው። ያን ቀን ጨርቁ ቡኒ ነው። ብዙ ነው፣ ግን ውሃ ሲያይ ይለቃል፣ ከአቧራ ጋር እኛ ከአገር ቤት ጀምሮ እንተዋወቃለን።

አንድ ዓመት ላይ አቧራው ወቅቱንም አቅጣጫውንም ስቶ መጣ፣ ሴፕቴምበር 2015፣ ከሶርያና ከኢራቅ በኩል። ቀናት ተቀመጠብን፣ መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል የገቡት በመቶዎች ነበሩ። ያውም በዛው በጋ ነው ጁላይ 17 ላይ ናእሜ የሚባለው የቆሻሻ መጣያ ተዘግቶ ቆሻሻው በየመንገዱ የተከመረው፣ ሰው ሲመረው ደሞ በየጥጉ እሳት የለቀቀበት። የቆሻሻ ጭስ ጨርቅ ላይ ብዙም አይታይም፣ ጉሮሮ ላይ ነው የሚታወቀው፣ ጠዋት ስትነሺ ፕላስቲክ ስትልሺ ያደርሽ ይመስልሻል።

በጋው ግን፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ጨርቁ ጥቁር ነው። ጥቁር ስል ዝም ብሎ የሚራገፍ አይደለም፣ ቅባት አለው፣ በውሃ ብቻ ስትነኪው ይሰፋል እንጂ አይለቅም፣ ፈሳሽ ሳሙና ይፈልጋል፣ ጥፍር ስር ይገባል፣ የአበባውን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘሽ ብታሺው ጣትሽ ለአሻራ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። የናፍጣ ጥላሸት ነው። የልጅቷ አፍንጫ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ኦክቶበር አካባቢ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከበረንዳው ቱቦ የሚወርደውን ውሃ ብታዪው እስከ ገና ድረስ ውሃ ባትጠጪ ትመርጫለሽ።

ሞቴር ብቻ ነው ብዬ ደሞ አልዋሽም። አውቶስትራዱ ቀኑን ሙሉ በአሮጌ መኪና የተጨናነቀ ነው። ከታች በቡርጅ ሐሙድና በጅዴዴ በኩል ባህሩ ዳር ያለው የቆሻሻ መጣያ ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ራሱን ያስታውሰናል። ወደ ጁኒየህ ስትሄጂ ደሞ የዞቅ መብራት ማመንጫ ቀይና ነጭ ጭስ ማውጫዎች አሉ። ድሮ ያ ረጅም ነገር ሲጨስ ሰው ይማረር ነበር፣ ግን ሲጨስ መብራት አለ ማለት ነው። በኋላ የመንግስት መብራት ሲሞት ጭሱ አልቀረም፣ ሰማይ ላይ ከነበረው ማውጫ ወርዶ በየህንጻው ተከፋፈለና በኛ መስኮት ልክ ሆነ።

ቀን ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች

በጋ ላይ ለምን እንደሚብስ የገባኝ ተራራ ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ኦገስትን ባህር ዳር አይቀመጥም፣ ብሩማና ቢክፋያ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ በጋ እኛም ቢክፋያ ቤት ተከራይተን ወጣን (ተከራይተን ስል እነሱ ናቸው፣ እኔ ይዤ የወጣሁት መጥረጊያ ነው)። ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ ባህሩ አለ፣ ከተማው አለ፣ ከተማው ላይ ግን ዳሩ ቀጥ ያለ ቡኒ ነገር ተኝቷል፣ ከሱ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከሱ በታች ህንጻዎቹ በግድ ነው የሚለዩት። ማዳምም መጥታ አየችውና «ሹፊ (እዪ)፣ እዛ ውስጥ ነው እኮ የምንኖረው» አለችኝ፣ ሲጋራዋንም ለኮሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋ ከላይ ያለው አየር ሞቃት ነው፣ ከባህሩ ላይ የሚገባው ደሞ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ፣ ሞቃቱ በቀዝቃዛው ላይ እንደ ድስት ክዳን ይከደንበታል፣ ስለዚህ የኛ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ መበተን ሲገባው እዛው ስር ይንከላወሳል። ከጀርባ ደሞ ተራራው ቆሟል። ቀን ላይ ነፋሱ ከባህር ስለሆነ ጭሱን ወደ ተራራው ይገፋዋል፣ ማታ የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ይዞራል፣ ደካማ ነው፣ ከተራራው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቀን የተገፋውንም ይዞት ይመለሳል። ዝናብ ደሞ የለም። እኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተቀዶ ሁሉን ነገር ሲያጥብ እዚህ በዛው ወር የሚያጥብ እኔ ብቻ ነኝ።

ይሄ ከውጭ ላለ ሰው አይታየውም፣ ፎቶ ስንልክ የምንልከው ባህሩን ነው። እናቴ ሳትቀር «የባህር አየር ለጤና ነው ይላሉ» ትለኛለች፣ እኔም ዝም ነው የምላት።

ለኔ ከወቅቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያለው አየር አንድ አይደለም። ሳሎኑና የማዳም መኝታ ወደ ባህሩ ያያሉ፣ የሰራተኛ ክፍል ግን ኩሽናው ጀርባ ነው፣ እዚህ ብዙ ህንጻ እንደዛ ነው የሚሰራው፣ መስኮቷ የምትከፈተው በሁለት ህንጻዎች መሀል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ነው፣ የሞቴሩ ጭስ ማውጫም በዛው ክፍተት ነው ወደ ላይ የተዘረጋው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ «ቤይሩት፣ መካከለኛ» ይለኛል። የማን ቤይሩት? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የሚባለው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ በቀን አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር፣ በዓመት አማካይ ደሞ ከ5 ባይበልጥ ይላል፣ እሺ፣ ግን አማካዩ የማዳምን መኝታና የኔን ክፍል ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ከሆነ እኔ ምን ይጠቅመኛል? በዛች የኋላ መስኮት ማንም መጥቶ መለኪያ አላስቀመጠም። የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዋ የአየር ኬሚስት ናጃት ሳሊባ ከነባልደረቦቻቸው የጄኔሬተር ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ እያጠኑ ስንት ዓመት ሲናገሩ ኖሩ፣ በ2022 ጭራሽ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ፣ ሞቴሩ ግን እዛው ነው።

ለደሴዋ ልጅ በሌላ እሁድ የነገርኳት የማውቀውን ነው፣ ማታ ሞቴሩ ሲነሳ የኋላ መስኮትሽን ዝጊ፣ ረፋድ ላይ የባህሩ ነፋስ ሲጀምር የፊቱንም የኋላውንም ከፍተሽ አየሩን አሳልፊው፣ በረንዳውን በደረቁ አትጥረጊ መጀመሪያ አርጥቢው፣ ማስክም አድርጊ፣ ስትተኚ አፍንጫሽን በጨው ውሃ እጠቢ። «ኤሲ በርቶ መስኮት ስከፍት ማዳም ትቆጣለች እኮ» አለችኝ። ለሱ መልስ የለኝም።

ሞቴሩ የቆመባት ሌሊት

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ሀሳቤ የሚሄደው ወደ አንድ ሌሊት ነው። ኦገስት 2021። ያኔ የመንግስት መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰአት ቢመጣ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሞቴር ነበር። በዛ ወር ማእከላዊ ባንኩ ለነዳጅ የሚሰጠውን ድጎማ አቆማለሁ አለ፣ ናፍጣ ከገበያ ጠፋ፣ የቤንዚን ሰልፉ አውቶስትራዱ ላይ ወጥቶ ይቆም ነበር። የኛ ህንጻ ሞቴር መጀመሪያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጠፋል ተባለ፣ ከዛ አንድ ማታ ሳይባል ጠፋ።

ቤቱ ውስጥ የማዳም እናት ነበሩ፣ ቴታ ነው የምንላቸው። ሳንባቸው የታመመ ነው፣ ሌሊት የሚተኙት በኦክስጂን ማሽን ነው፣ ማሽኑ ደሞ በመብራት ነው የሚሰራው። እስቲ አስቡት፣ በሞቴሩ ጭስ ያስላሉ፣ በሞቴሩ መብራት ይተነፍሳሉ። ለጭንቅ ቀን ተብላ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሲሊንደር ነበረች።

ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመ። በስልክ መብራት ሲሊንደሯን ገጠምን፣ ማዳም ሳሎን ሆና ወንድሟ ጋ ናፍጣ ፍለጋ ትጮሃለች፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሲሊንደሯን መርፌ አያለሁ፣ ቀዩ ጋ ለመድረስ ስንት እንደቀራት። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ከእርጥበቱ የተነሳ ላቡ አይደርቅም። ያኔ ቴታ እጃቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ አሳዩኝና «ኢፍተሒ ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ክፈቺው ልጄ። ያ መስኮት በበጋ ሌሊት አይከፈትም፣ ጥላሸቱ አንሶላው ላይ ያርፋላ። ከፈትኩት።

ባህሩ ተሰማኝ። መንገዱ ላይ ቤንዚን ስለሌለ መኪና ጥቂት ነው፣ ከታች ሞቴር የለም፣ የጎረቤትም የለም፣ እና ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። እዛ ቤት ስንት ዓመት ሰርቼ ባህሩን በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ አላውቀውም ነበር፣ በክረምት ማዕበል ካልሆነ። ቴታም ሰሙት መሰለኝ፣ እያቋረጡ እያረፉ ያወሩኝ ጀመር፣ ልጅ ሆነው እዚህ አካባቢ ሁሉ የብርቱካን እርሻ እንደነበረ፣ አበባው ሲፈነዳ ሽታው ቤት ድረስ ይገባ እንደነበረ። አየሩ ጥሩ ነበር። ሴትየዋ አየር እያለቀባቸው እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ደረቴ እስኪሞላ ተነፈስኩ፣ ይሄን ለሰው ስናገር አሁን የመጀመሪያዬ ነው።

ጠዋት በረንዳ ወጣሁ፣ ማንም ወልውዪ አላለኝም፣ እጄ ስራ ስለለመደ ነው። ሁልጊዜ እየታጠበ የሚመለሰው ጨርቅ ያን ቀን በአንድ ጎኑ ጨረሰ። ግራጫ ነበር፣ ጥቁር አልነበረም። እሱን ይዤ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ እስካሁን ስም አላገኘሁለትም፣ ደስታ ነው እንዳልል ውስጥ ሰው እየተጨነቀ ነው፣ ንዴት ብለው ይሻላል። ምክንያቱም ለካ ይሄ ሰፈር አየር አለው። ነፋሱም ተራራውም ክዳኑም ይጨምሩበታል ይቀንሱለታል እንጂ አያመርቱትም፣ የሚመረተው ከታች ተቀምጦ ከሚንቀጠቀጠው ብረት ነው፣ እሱን ደሞ ሰው ነው የሚያስነሳው።

ወደ ቀትር ላይ የማዳም ወንድም በጄሪካን ናፍጣ ይዞ መጣ፣ ከየት እንዳመጣው የጠየቀ የለም፣ ሰው ጨመረበትና ሞቴሩ ተነሳ። ሲነሳ መጀመሪያ የሚተፋው ጭስ ቀጥ ያለ ጥቁር ነው። ማሽኑ መስራት ጀመረ። ቴታ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው በጣታቸው መስኮቱን አሳዩኝ፣ ዝጊው። እሳቸው ናቸው ያሉኝ፣ ማዳም አይደለችም።

በነዛው ቀናት ትልቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ራሱ ነዳጅ እያለቀበት መሆኑን፣ የመተንፈሻ ማሽኖቹ ከቆሙ ሰው እንደሚሞት መግለጫ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ሞቴር ይጥፋልን የሚል ሰው ሳገኝ ዝም እላለሁ፣ ሞቴር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር የሚለኝ ሲመጣም ዝም እላለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እዚህ አገሩ በሙሉ አግብቶ ተቀምጧል።

የሚገርመኝ ለትልቁ ጭስ ሁሉም ሰው ነቄ ነው። ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ እኛም ሰፈር መስታወት ረግፏል፣ በ2022 በጋ የወደቡ የእህል ጎተራ ሲቃጠል አካባቢው ያለ ሰው መስኮት ይዝጋ ማስክ ያድርግ ተብሏል፣ በ2024 መጸው የቤይሩት ደቡብ ዳርቻ፣ ዳሂዬ፣ በቦምብ ስትደበደብ ጭሱ ከተማው ላይ ሲተኛ ሁላችንም በስልክ እየተጠያየቅን ነበር። የየቀኑ ጥላሸት ግን ማንንም አያስደነግጥም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እኛም ቡናው ላይ የሳቅነው በደንብ ስለምናውቀው ነው።

ጣራው ላይ

ከ2022 ወዲህ ደሞ ጣራው ሁሉ ሶላር ሆኗል። መንግስት አይደለም ያደረገው፣ ሰው በገዛ ዶላሩ ነው፣ ውጭ ያለ ልጅ እየላከለት። የኛም ቤት አስገባ፣ ቴታ ሳያዩት ነው ያረፉት፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከህንጻው ያስገቡት ጥቂት ቤቶች ናቸው፣ ሌሎቹ አቅም የላቸውም፣ ሞቴሩ ለነሱ ሲባል ይነሳል፣ ጭሱ ደሞ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ ብሎ አይመርጥም። ያስገቡትም ቢሆኑ ማታ ኤሲ ከከፈቱ ባትሪው አያነጋም፣ ሌሊት ላይ ተመልሰው ሞቴር ናቸው። ቢሆንም ልዩነት አለ፣ ከሰአት ላይ በረንዳውን ስነካው የድሮውን ያህል አይጠቁርም፣ ይሄን በእጄ ስላየሁት ማንም አያስክደኝም።

ችግሩ ፓነሉም አቧራ አይወድም። ኻምሲን በመጣ በነጋታው የሚያመጣው ሀይል ይወርዳል፣ ማዳም ስልኳን እያየች ትበሳጫለች፣ አቧራው ላይ ጥላሸት ሲደረብበት ደሞ ዝናብ ብቻውን አያነሳውም። ባለፈው ኤፕሪል «አንቺ ነሽ የምትችዪበት፣ ወጥተሽ ወልውዪልኝ» አለችኝ። ወጥቼ አየሁት። መሰላሉ ይወዛወዛል፣ የጣራው ጠርዝ ከጉልበቴ አይበልጥም፣ ፓነሎቹ ደሞ እስከ ጠርዙ ድረስ ተደርድረዋል፣ መስታወቱ ፀሐይ ላይ ስለሚግል ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይሰነጥቀው ስራው ሳይነጋ በፊት ነው መሰራት ያለበት፣ ማለትም በጨለማ። ወርጄ ይሄ የበረንዳ ስራ አይደለም፣ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ መጀመሪያ ግን ጠርዙ ላይ መደገፊያ ብረት ይሰራ አልኳት። «ሐራም፣ ጨርቅ ነው እኮ» አለች። ጨርቁ ያው ነው፣ ፎቁ ነው ስምንት የሆነው አልኳት። ሒሳቡ ላይ ተከራክረን ተስማማን፣ ጭቃ ዝናብ ከጣለ ጭማሪ አለው። ለብረቱ ግን ጎረቤቶቹ እንዋጣ ሲባሉ አንዱ አንዱን እያየ ነው፣ ብረት ሠሪው መጥቶ ለክቶ ሄዷል፣ ፓነሉም እስካሁን እንደቆሸሸ ነው።